ዓመቱ ሲከብድ፦ እምነትንና የዕለት ደስታን በቤት ውስጥ መጠበቂያ መመሪያ

ቤትን የሚያናጋ ዓመት አለ። አባወራው ያረፈበት፣ ሥራ የተቋረጠበት፣ ታማሚ አልጋ የያዘበት፣ የተሰደደ ልጅ ድምፁ የጠፋበት ዓመት። በዚያ ላይ ኑሮው አለ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱና የቤት ኪራዩ ነገር ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። እንዲህ ባለ ዓመት መጀመሪያ የሚቀረው ጸሎት ነው። ቀጥሎ ከሰው ጋር ተቀምጦ ቡና መጠጣት ይቀራል። ሁለቱ ሲቀሩ ቤቱ ውስጥ የሚቀረው መተኛትና ወጪ ማስላት ብቻ ነው።

ይህን የጻፍኩት ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ነው፤ የምናገረው የማውቀውን ሥርዓት ስለሆነ። ሐሳቤም አንድ ነው፦ በከባድ ዓመት ትልቅ ስእለት አትሳሉ፤ ትንሽ ሥርዓት ያዙ፣ እሱን ግን አትልቀቁ። ልቤ ሲረጋጋ እጸልያለሁ ያለ ሰው፣ ልቡ የሚረጋጋበትን ቀን ሲጠብቅ ዓመቱ ያልቅበታል።

የቤት ጸሎት ቅዳሴን አይተካም። ነገር ግን በ2012 በኮሮና ምክንያት ምእመናን ሕማማትንና ትንሣኤን በየቤታቸው እንዲያሳልፉ በተጠየቁ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ሥርዓቱን በቴሌቪዥን እየተከታተለ ሳሎኑ ውስጥ ሰግዷል። ሳዑዲ ውስጥ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችንም ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር፣ በማዕድ ቤትና በመኝታ መካከል ባለች ጊዜ ጸሎታቸውን ያደርሳሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ መጸለይ አይቻልም የሚባል ነገር የለም።

1. በመጀመሪያ የንስሐ አባታችሁን ጥሩ

ብዙ ሰው የንስሐ አባቱን የሚጠራው ሁሉን ነገር ካስተካከለ በኋላ ነው። ቤቱ ካልተጸዳ፣ የሚቀርብ ካልተዘጋጀ ያፍራል። በከባድ ዓመት ግን መጀመሪያ መጠራት ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ቤቱን ጸበል ይረጩታል፣ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ቡናና ቆሎ ይበቃል። ምንም ከሌለም ውኃ አቅርቦ «አባታችን፣ ዘንድሮ እንዲህ ሆነብን» ማለት ይቻላል።

ሦስት ነገር አትደብቁ። የገንዘቡን ችግር ንገሯቸው፣ ምክንያቱም ከአቅም በላይ የሆነ ተዝካር ወይም ስእለት ካለ ሊያቀሉላችሁ ይችላሉ። የጤናውን ንገሯቸው፤ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ካለች ጾሙን በአቅም ልክ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ሦስተኛው ለመናገር የሚከብደው ነው፦ በእግዚአብሔር አዝናችሁ፣ ተቆጥታችሁም ከሆነ ተናገሩ። በዕድሜያቸው ያልሰሙት ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ዕለት ዕለት የሚደረስ የጸሎት ልክ እንዲሰጧችሁ ለምኑ። ሰው ራሱ ለራሱ የሚሰጠው ልክ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል።

2. የጸሎት ቦታ ለዩ

ሰፊ ቤት አይጠይቅም። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ውስጥም በምሥራቅ በኩል ያለ የግድግዳ ጥግ ይበቃል፤ የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ዞረን ነውና። የምስለ ፍቁር ወልዳ (እመቤታችን ልጇን የታቀፈችበት) ወይም የስቅለት ሥዕል ስቀሉ፤ ካላችሁ በንጹሕ ነጠላ ወይም በመጋረጃ ሸፍኑት። ከሥሩ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ላይ ውዳሴ ማርያም፣ ዳዊት፣ መቁጠሪያና ጧፍ ይቀመጡ። የሞባይል ቻርጀር፣ የመብራት ደረሰኝና የመድኃኒት ካርቶን እዚያ አይቀመጡ። ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ግን ዕዳው ከፊት ለፊት ተቀምጦ ሐሳብን መሰብሰብ ከባድ ነው።

ጧፉን አሸዋ በተሞላ ጣሳ ላይ ትከሉት፣ ከመጋረጃውም አርቁት። ሰው በሐዘን ሲደክም ጧፍ እንደበራ ይተኛል። ከመተኛታችሁ በፊት አጥፉት።

3. ሁለት የጸሎት ጊዜ ብቻ ያዙ

ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ነቢዩ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ ካለው የተወሰደ ነው። ሁሉንም ማድረስ የሚችል ያድርስ። ቤቱ የተናጋበት ሰው ግን ነግህንና ማታ ከመተኛት በፊት ያለውን ይያዝ፤ ሁለቱ የቀኑን ሁለት ጫፍ ይይዙለታል።

ጠዋት፦ ፊት ታጥባችሁ፣ ነጠላ አጣፍታችሁ፣ በስመ አብ ብላችሁ አማትቡ። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ከዚያ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ የደረሰው ይህ ምስጋና ከሰኞ እስከ እሑድ በሰባት ቀን ተከፍሏል፤ ስለዚህ ዛሬ ምን ላንብብ ብሎ መጨነቅ የለም። ግእዙ የማይገባችሁ ከሆነ በአማርኛው አድርሱ። ረጋ ተብሎ ቢደረስ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

ማታ፦ ልጆች ካሉ አብረዋችሁ ይቁሙ። አቡነ ዘበሰማያትን ትንሹ ልጅ ይምራ፤ ቢሳሳት አታርሙት፣ ሲጨርስ አሜን በሉ። ከዚያ የቀኑን ስንክሳር አንድ ገጽ ያህል አንብቡላቸው። ስንክሳር በየዕለቱ የቅዱሳንን ታሪክ ስለሚተርክ ለልጅ ከጸሎቱ ይልቅ ቶሎ የሚገባው እሱ ነው። የተሰደደውን፣ የታሰረውን፣ የተራበውን ቅዱስ ሲሰማ የቤቱን ችግር በራሱ መንገድ ያያይዘዋል። ጥያቄም ይመጣል፤ መልስ ከሌላችሁ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት እንዲጠይቅ ንገሩት።

አንደበት የሚታሰርበት ሌሊትም ይኖራል። ያን ጊዜ መጽሐፉን ተዉት፤ መቁጠሪያውን ይዛችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 12 ጊዜ፣ ከቻላችሁ 41 ጊዜ በሉ። መስገድ የምትችሉ ስገዱ፤ በሰንበት፣ በበዓለ ሃምሳና ቅዱስ ቁርባን በተቀበላችሁበት ቀን ስግደት እንደሌለ አትርሱ። መነሣት ያቃተው ታማሚ ተኝቶ በልቡ ይበል።

4. ዳዊትን ለልቅሶ ተጠቀሙበት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለከባድ ዓመት ከዳዊት የሚበልጥ መጽሐፍ አላውቅም።

አባቶቻችን መዝሙረ ዳዊትን በአሥር በአሥር ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል ንጉሥ ይሉታል፤ 150ው 15 ንጉሥ ነው። በሳምንቱ ሲደለደል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደርሳል። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ነው። ሙሉውን ማድረስ ለማይችል ሰው በቀን አንድ መዝሙር ይበቃዋል። ብቻ ከዕለቱ ድርሻ ይምረጥ።

በዚህ ድልድል የልቅሶው መዝሙር ከምስጋናው ጋር በአንድ ሳምንት ይመጣል። ሰኞ መዝሙር 12 አለ፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ማክሰኞ 41፣ ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደምትናፍቅ የሚለው፣ ቀጥሎም «ማረኝ» የምንለው 50ኛው አለ። ሐሙስ ደግሞ 87ኛው ይመጣል። እንደ ሌሎቹ በመጨረሻ ወደ ምስጋና አይዞርም፤ ወዳጅ ዘመዴን ከእኔ አራቅህ በሚል ስሞታ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን አላወጣችውም፣ በሌላም አልቀጠለችበትም። እንዲሁ እንዳለ በየሐሙሱ እንዲደርስ አድርጋለች። ስለዚህ ማልቀስ፣ «ለምን?» ማለት፣ ተረሳሁ ብሎ መናገር የእምነት ጉድለት ነው የሚላችሁ ሰው ካለ ዳዊትን አላነበበም ማለት ነው። (በመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ እዚህ የጠቀስኳቸው መዝሙሮች ቁጥራቸው በአንድ ከፍ ብሎ፣ ለምሳሌ 87ኛው 88 ተብሎ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ መዝሙሩ ያው ነው።)

ሐሙስ ከዚህ ጋር 90ኛውንም ይዛለች፣ በልዑል መጠጊያ የሚኖር የሚለውን። ሁለቱን በአንድ ቀን ማንበብ መልካም ነው። ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊሆን ይችላልና።

እሑድ ከጸሎተ ነቢያት መካከል የዕንባቆምን ጸሎት አትለፉ። በለስ ባታፈራ፣ ከወይን ሐረግ ፍሬ ቢጠፋ፣ በጎቹ ከበረት ቢያልቁ «እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» ይላል። ነቢዩ በለሷ አፍርታለች አላለም። የጠፋውን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ ምንም ሳይቀንስ፣ ከዚያ ነው ደስ ይለኛል ያለው። እናንተም በዚያው መንገድ ቁጠሩ፦ ዘንድሮ የጠፋውን በወረቀት ጻፉና ከሥሩ የነቢዩን ቃል ጻፉ። ወረቀቱን ዳዊት ውስጥ አስቀምጡት።

5. የወሩን በዓላት ግድግዳ ላይ ስቀሉ

ከባድ ዓመት ቀኖቹን ሁሉ አንድ ያደርጋቸዋል። ይህን የሚሰብረው የወሩ በዓላት አቆጣጠር ነው። በ1 ልደታ፣ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ28 አማኑኤል፣ በ29 በዓለ ወልድ። ሁሉንም ላክብር ማለት ከአቅም በላይ ነው፤ ከቤታችሁ ጋር የተያያዙትን ሁለት ምረጡ። ልጃችሁ የተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ታቦት፣ ሟቹ ያከብሩት የነበረው፣ ስእለት የሰማችሁ። በነዚያ ቀናት ቤቱ ትንሽ ይለይ፦ ዕጣን ይጨስ፣ ዳቦ ይቆረስ፣ አንድ የተቸገረ ሰው ይጠራ።

ከወሩ ውጭ ዓመታዊዎቹ አሉ። በተለይ ሐዘን ለደረሰበት ቤት የመጀመሪያው ዓመት በዓል ይከብዳል። ሐዘን ቤት በዓል አያደርግም የሚል ልማድ በብዙ ቦታ አለ፤ እኔ ልጆች ላሉበት ቤት አልመክረውም። እርድ ቢቀር እንኳ ቄጤማው ይጎዝጎዝ። በግ ካልተቻለ ዶሮ፣ ዶሮ ካልተቻለ እንቁላል በስልስ። ከጎረቤት ጋር ቅርጫ መግባትም አለ። ከማዕዱ በፊት የሟቹን ስም ጠርታችሁ ነፍስ ይማር በሉ። ስሙን ላለመጥራት መጠንቀቅ ልጆቹን የበለጠ ያስፈራቸዋል፤ ሲጠራ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይበላሉ።

ስለ ተዝካር አንድ ነገር ልበል። አርባውም ሙት ዓመቱም ዋናው ፍትሐቱና ለድኻ የሚሰጠው ነው። ተበድሮ ድንኳን መጣል ለሟች ነፍስ የሚጨምርላት የለም፤ ለቀሩት ግን ሁለተኛ ሐዘን ነው። ዘመድ ያጉረመርም ይሆናል። የንስሐ አባታችሁን ካማከራችሁ በኋላ «አባታችን እንዲህ አዘዋል» ማለት ንግግሩን ያሳጥራል።

6. ጾሙን ከጓዳው ጋር አስታርቁ

ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን ዐቢይ ጾምን፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታን የሚጾም ቤት ከዓመቱ ብዙ ቀን ያለ ሥጋና ቅቤ ያሳልፋል። ኪስ በሳሳበት ዓመት ይህ እፎይታ ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሽሮ ሲሆን ልጅ ይሰለቻል፣ አብሳይዋም ትሰለቻለች። ተልባ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ስልጆ እያፈራረቁ መሥራት ነው። ለሞቃት የጾም ቀን የማደንቀው ሱፍ ፍትፍት ነው፦ ሱፉ ታጥቦ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ይጠለላል። ነጩ ፈሳሽ ላይ ጨው፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያ ይጨመራል፣ እንጀራው ይፈተፈትበታል። እሳት ላይ ብዙ አያቆምም፣ ልጅም ይወደዋል።

በጾም ከዳነው ወጪ ትንሽ ለድኻ ይውጣ። አንድ እንጀራም ይሁን። ራሱ የተቸገረ ቤት ለሌላ ሲሰጥ ቤቱ ውስጥ የሚመጣውን ደስታ የሰጠ ያውቀዋል።

7. ቡናውን አታስቀሩ

ቡና ተወደደ ተብሎ የቡና ሥርዓቱ ከቤት ሲጠፋ አይቻለሁ። እያንዳንዱ በየስልኩ ይቀመጣል፣ ጎረቤትም መግቢያ ያጣል። የምመክረው ከቀን ወደ ሳምንት ማውረድ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብቻ ይፈላ፣ ግን በሙሉ ሥርዓቱ።

ቄጤማ ካለ ይጎዝጎዝ፣ ከሌለም ወለሉ ይጠረግ። ፍሬው ታጥቦ መቁያው ላይ ሲንጣጣ፣ ቅባቱ ወጥቶ መብረቅረቅ ሲጀምር አውርዱትና ጭሱን ለተቀመጡት አዙሩት። ያን ጊዜ በእጁ ወደ ፊቱ ጭሱን የማይስብ ሰው የለም። ታማሚውም አልጋው ድረስ ይወሰድለት፤ ባይጠጣ እንኳ ያሽትተው። ጀበናው እስኪፈላ ፈንዲሻው ወይም ቆሎው ይቅረብ። የመጀመሪያውን ስኒ ልጅ ይዞ ለታላቁ ሰው ይስጥ።

በቤቴ የምይዘውን ልማድ ልንገራችሁ፤ ለከባድ ዓመት ጠቅሞናል። አቦል ላይ ችግር ይወራል፦ የኪራዩ፣ የሐኪሙ፣ ያልመጣው ደመወዝ። ሁሉም ይናገር፣ ማንም አያቋርጥ። ቶና ላይ ምን ይደረግ ይባላል፤ ማን የት ይሂድ፣ ማንን እንጠይቅ። በረካ ላይ ግን ችግር አይነሣም፤ ምርቃት ብቻ ነው። ከጎረቤት እማማ ወይም ጋሼ ካሉ እሳቸው ይመርቁ፤ «ከዘመን ዘመን ያሸጋግራችሁ፣ የሄደውን በሰላም ይመልስላችሁ፣ ጓዳችሁን ይሙላው»፤ ቤተኛው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሜን ይበል። ልጆች የጎረምሳ ዕድሜ ላይ ቢሆኑም እንኳ በረካውን ሳይሰሙ አይነሡ። ስልኮቹ እስከዚያ መሶቡ ላይ ተደርድረው ይቆያሉ።

8. ከዕድርና ከማኅበር አትጥፉ

ሰው ሲቸገር መዋጮ ስለሌለው ከጽዋ ማኅበሩና ከዕድሩ ይጠፋል። ከመጥፋት በፊት ለዕድሩ ጸሐፊ ወይም ለማኅበሩ ሙሴ (ለመሪው) በግል ንገሩ፤ ክፍያ ማራዘም ወይም ተራ መለዋወጥ የተለመደ ነው። ጽዋው የሚደርሳችሁ ከሆነና ድግስ ካልቻላችሁ ዳቦና ጠላ ብቻ እንደምታቀርቡ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የማኅበሩ ሰዎች የሚመጡት ለጸሎቱ ነው፤ ለወጡ የሚመጣ ቢኖር ይቅርበት። ሰንበቴም እንዲሁ።

ደግሞ ሌላውን ጎብኙ። በወር አንድ ጊዜ፣ ከመረጣችሁት በዓል በአንዱ፣ ታማሚ ጠይቁ ወይም ሐዘን ቤት ድረሱ።

9. የቤት ሥርዓት ብቻ የማይበቃበት ጊዜ

እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ አልወርድ ካለ፣ ሰውየው ከአልጋ መነሣት ካቃተው፣ ከሁሉ በላይ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ ነገሩ ከሐዘን አልፏል። ጸሎቱን አጠንክር ብቻ አትበሉት። ብቻውን አትተዉት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት፤ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ለዚህ የቆመ ነው፤ ክልል ላይም የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎች አሉ። መድኃኒት ከታዘዘለት ጸበል እየተጠመቀም ቢሆን አያቋርጥ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ይላል፤ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ጸበልና መድኃኒትን ማጣላት ሰው አስቀጥፏል።

ሥርዓቱ የተቋረጠ እንደሆነ

ይቋረጣል። ሆስፒታል አዳር ይመጣል፣ የሌሊት ሥራ ይገኛል፣ ወይም እንዲሁ አቅም ያልቃል። ያመለጠውን ለመክፈል አትሞክሩ። ማክሰኞንና ረቡዕን ሳትጸልዩ ሐሙስ ብትነቁ የሐሙስን ውዳሴ ማርያም ገልጣችሁ አድርሱ፤ የማክሰኞው በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመጣል። ዳዊቱም እንደዚያው ነው። ወራት ቢያልፉ እንኳ የሚጀመረው ከዕለቱ ነው፣ ከጥር የቀረውን በሰኔ ማድረስ አይጠበቅባችሁም። ጧፍ ካለቀ ያለ ጧፍ፣ መጽሐፉ ከጠፋ በቃል የያዛችሁትን። ዛሬ ማታ የምትጀምሩ ከሆነ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ይበቃል፤ ውዳሴ ማርያሙን ነገ ጠዋት ጨምሩበት።